ከቡሬ የመጣው እንግዳ ዝም አለ

ዲያቆን ቂርቆስ ስልክ ሲያነሳ ሃሎ አይልም። ያነሳና ዝም ይላል። ሰከንዱ ይቆጥራል፣ የቡሬ መናኸሪያ ጥሩምባ ከጀርባው ይሰማል፣ እሱ ግን ትንፍሽ የለም። መጀመሪያ የደወልኩለት ቀን ኔትወርኩ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ። በአራተኛው ተናድጄ «አንተ ሰው፣ አለህ ወይስ የለህም?» ስለው፣ «አለሁ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለካስ ያደገው ከአያቱ ከመሪጌታው ዘንድ ነው። እዚያ ቤት ታላቅ ሳይናገር አፍ መክፈት ነውር ነው። ስልክ ሲጮህ ደግሞ ደዋዩ ታላቅ ይሁን ታናሽ በምን ይለያል? ስለዚህ ሁሉንም በታላቅነት ተቀብሎ ዝም ይላል።

እኔ ያረጋል እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ዘጠነኛን በመስኮት አይቼዋለሁ። ያለኝ ንብረት አንድ ፊሽካ፣ አንድ ደብተርና ሚስቴ «ቤት ውስጥ እንኳ ቀንሰው» የምትለው ድምፅ ነው።

ፀደንያ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ የእትዬ ታንጉት ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ፣ ተመርቃ ከመጣች ሁለት ዓመት አለፋት። ሁለቱን ዓመት እሷ በረንዳው ላይ ላፕቶፗን ስትነካካ፣ እኔ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ «ኢንጂነር፣ ዛሬስ ምን ፈለሰፍሽ?» እያልኩ ስተርባት ከረምን። አትቀየመኝም። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ፊሽካ መንፊያ ማሽን» ትለኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁላል ነው። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱት ሚኒባሶች እኛ ጋ ይቆማሉ። ስንት ባዶ ወንበር ይዘው እንደሚመጡ ግን የሚያውቅ የለም። ለጅጋና ለደምበጫ የሚሄደው ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። አንዱ መኪና ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ሌላው ሁለት ወንበር ይዞ ይመጣል፤ ለሁለት ወንበር ሃያ ሰው ይሮጣል። እኔ መሃል ገብቼ እነፋለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። አንድ ቀን በዚህ ግፊያ አንዲት ሴት የያዘችው እንቁላል ከነቅርጫቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ አለቀሰች። ፀደንያ በአጋጣሚ እዚያው ቆማ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ መኪናው ገና ከቡሬ ሲነሳ የወንበሩ ልክ እዚህ ይድረሰን።»

«በስልክ ነዋ።»

«ስልክ ማን ያነሳል? እርስዎ ይነፋሉ፣ የቡሬው ተራ አስከባሪ ይጮኻል። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ይነጋገሩ። ሶኬት እከፍታለሁ።»

«እንዳይነዝርሽ» አልኳት፤ የግድግዳው መስሎኝ።

ሳቀች። «የመብራቱ አይደለም። ከላይብረሪ የሚወጣ ነው።»

«ታዲያ በስንት ቀን ትመልሽዋለሽ?»

ይኼን ጊዜ አጥሩን ይዛ እስኪደክማት ሳቀች፤ ከዚያ ግን ቁምነገሩን አስረዳችኝ። ላይብረሪ የምትለው ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጡት ሥራ ነው፤ እሷ በስሙ ትጠራዋለች፣ እሱ ይሠራላታል። ሶኬቱም ከዚያ የምትጠራው ነው። «በቤት ያስቡት» አለችኝ። «አንዱ ኮምፒውተር ባለቤት ነው። አድራሻው የታወቀ ነው፣ በሩም ቁጥር አለው። በሩን ከፍቶ ጆሮውን ጥሎ ይቀመጣል። ሌላው እንግዳ ነው። አድራሻውንና የበሩን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ሲቀበለው በመካከላቸው መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን መስመር እስኪዘጉት ድረስ የልባቸውን ያወራሉ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ፣ ፍኖተ ሰላም። እንግዳው አብሮኝ የተማረው ቂርቆስ ነው፣ ቡሬ። የባለቤቱን ፕሮግራም እኔ እጽፋለሁ፣ የእንግዳውን እሱ።»

«ምን ይባባላሉ?»

«ሰላምታ ይቀድማል። ከዚያ የመናኸሪያው ስም፣ ታርጋ፣ ባዶ ወንበር። በዚህ ተስማምተናል።»

ሰላምታማ መቅደም አለበት አልኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማን ነው የሚያስቀድመው ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እነሱም አልተጠያየቁም።

የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ገብረሰንበት ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ፀደንያ ቢሯቸው ገብታ ሩብ ሰዓት ስታስረዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጧት። ከዚያ የመሳቢያቸውን ቁልፍ አዙረው የአሮጌውን ዕቃ ክፍል ቁልፍ አወጡ። ክፍሉ ወደ ግቢው የሚከፈት መስኮት አለው፤ የሚመኘው ብዙ ነው።

«እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት» አሏት። «ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ከደረሰ ክፍሉም ሥራውም ያንች ነው። ካልደረሰ ቁልፉን ትመልሻለሽ።»

እሷ ቁልፉን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለምን እንዲያ አጥብቃ እንደያዘችው እኔ አውቃለሁ። አጎቷ መራዊ ከተማ አንድ የበቆሎ ነጋዴ ዘንድ ከረጢት የምትቆጥርበት ቦታ አግኝቶላታል። እናቷ «ሁለት ዓመት ጠበቅን፤ በቃን» ብለዋል። ፀደንያም ቅዳሜ ካልሆነላት ሰኞ መራዊ ልትሄድ ቃል ገብታለች። እትዬ ታንጉት ሰው አያምኑም፤ ሻንጣዋን ሐሙስ ዕለት ሸክፈው በሩ አጠገብ አቁመውታል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ፀደንያ ከነላፕቶፗ ተሰየመች። ስምሪት ቢሮው አድራሻው የማይቀያየር ኢንተርኔት አለው፤ ገመዱን ከዚያ በመስኮት ጎትተን አስገባነው። ገመድ የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው እየመጣ ግቢው መሙላት ጀምሯል። እኔ በነፋሁ ቁጥር በመስኮቱ በኩል አልፍና «ኢንጂነር፣ እንግዳው የት ደረሰ?» እላለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ በሁለት ሰከንድ ተፈጸመ። ቂርቆስ ከቡሬ ደወለ፤ «እምቢ አልቀበልም አለኝ» አላት። ፀደንያ ጽሑፏን ቁልቁል አየችና ግንባሯን መታች። አድራሻውን ሰጥታለች፣ የበሩን ቁጥር ሰጥታለች፣ «አዳምጥ» የምትለዋን አንዷን ቃል ረስታለች።

«ቤት ሠርተሽ በር ሳትከፍች ነው ሰው የጠራሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይንፉ» አለችኝ። ሄጄ ነፋሁ።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከመስኮቱ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ጠረጴዛ የተመታ ይመስላል። ሮጬ ሄድኩ። ፀደንያ ቆማለች። በስክሪኑ ላይ በአማርኛ «እንግዳ ከቡሬ ገብቷል» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ራሷ ናት እንደዚያ እንዲል ያደረገችው።

«ገባ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እንዳይደነግጥባት ይመስል። «ጋሼ፣ ገባ። ከቡሬ እስከዚህ ገባ።»

እውነቱን ልናገር፣ ፀጉሬ ቆመ። ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ማንኩሳን አቋርጦ፣ ያንን ሁሉ የበርበሬና የበቆሎ ማሳ አልፎ፣ በእኔ ገመድ ገባ።

ስልኳን አንስታ ደወለች። እሷ ስትደውል ደግሞ ገና ስልኩ ሳይነሳ ነው ማውራት የምትጀምረው። «ቂርቆስ፣ ገባህ አይደል?»

«ገብቻለሁ» አላት፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ታዲያስ?»

«ደህና ነው። እየጠበቅሁ ነው።»

«በል ጠብቅ» አለችና ዘጋች። «መኪናው እስኪሞላ እየጠበቀ ነው» አለችኝ።

ጠበቅን። አንድ መኪና ከቡሬ መጣ፤ ሙሉ ነበር። ስክሪኑ ዝም። ሌላ መጣ፤ ሦስት ወንበር ነበረው፤ ሃያ ሰው ሮጠ፤ ነፋሁ። ስክሪኑ ዝም። «እንግዳ ከቡሬ ገብቷል» ይላል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። ፀደንያ ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው። በሩ ተይዟል አላት።

«ማን ያዘው?» አልኩ።

«ራሴ ነኝ። የፊተኛው መስመር ከተዘጋ በኋላ በሩ ለጥቂት ጊዜ እንደተያዘ ይቆያል፤ በመንገድ የቀረ ነገር ካለ ብሎ። አንድ ደቂቃ ልጠብቀው።»

ደቂቃው አለፈ፤ በሩ ተከፈተ፤ እንግዳ ከቡሬ ገባ። ዝም። እንደገና ዘጋች፤ ደቂቃ ጠበቀች፤ ከፈተች፤ ገባ። ዝም። ቤቷ ሞክራው ነበር እኮ። ላፕቶፗ ላይ ራሷ ባለቤት፣ ራሷ እንግዳ ሆና መቶ ጊዜ አነጋግራዋለች። ቂርቆስም ቡሬ ላይ እንደዚያው ለብቻው ሞክሮ ሠርቶለታል። ለየብቻቸው ሲሆኑ ለፍላፊ፣ ሲገናኙ ዲዳ። ሰርግ ላይ የሚያገናኟቸው እንደዚህ ዓይነት ወንድና ሴት አውቃለሁ፤ ለፀደንያ ግን ያን ጊዜ አልነገርኳትም። ፊቷ የሚተረብ አልነበረም።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አቶ ገብረሰንበት ከቢሯቸው ወጡ። መስኮቱ ጋ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስክሪኑን አዩት።

«ምን ይላል?»

«እንግዳው ገብቷል ይላል።»

«ወሬውስ?»

ፀደንያ ከጽሑፉ በታች ያለውን ነጭ በጣቷ አሳየቻቸው። እሳቸውም ሰዓታቸውን አይተው ጥላው ሥር ሄደው ቆሙ።

እሷ ጽሑፉን መስመር በመስመር እየቆጠረች ማንበብ ጀመረች። ዓይኗን ሳታነሳ «ጋሼ፣ እባክዎ ለቂርቆስ ይደውሉልኝ። የመኪናውን ወንበር መዝግቦ ላከ ወይስ አልላከም፣ ይጠይቁልኝ» አለችኝ።

ደወልኩ። ጠራ። ተነሳ። እኔም ሐሳቤ እሷው ላይ ስለነበር ሃሎ እስኪለኝ ጠበቅሁ። የቡሬ ጥሩምባ ይሰማል። ሰው ሲያልፍ ይሰማል። ስልኬን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ተገናኝተናል፤ የሚናገር የለም።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ሄደ። እንግዳ ከቡሬ ገብቷል። ከዚያ በታች ነጭ።

ስልኬን አየሁ። ስክሪኑን አየሁ። እንደገና ስልኬን። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንደዚህ ሲያስብ ታይቶ አይታወቅም። ትንፋሼን ይዤ፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ፣ ስልኩን በመስኮቱ አስገብቼ ፀደንያ ጆሮ ላይ ደገንኩት።

«ምንድነው?» አለችኝ በእጇ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ሰማች። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ተቋርጧል» አለች።

«አልተቋረጠም። ሰከንዱን እዪው።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«እኔ እንድናገር እየጠበቀ። እኔ ደግሞ እሱን እየጠበቅሁ።» ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። «የእሱ ማሽንስ በማን ወጣ?»

ፀደንያ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው።

«ቂርቆስ፣ ፕሮግራምህ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«ይጠብቃል» አለ ቂርቆስ።

«ምን ይጠብቃል?»

«ባለቤቱ ‹ማነው?› እስኪል ነዋ። ሰላምታ ይቀድማል ብለሽኝ የለም? ጠዋትም እየጠበቅሁ ነው አልኩሽ።»

ፀደንያ ዓይኗን ጨፈነች። «የእኔው ደግሞ እንግዳው ‹ቤቶች!› እስኪል ነው የሚጠብቅ።»

ግንባሯን እንደገና መታች።

«እንግዳ ደጅ ቆሞ ቀድሞ አይናገርም» አለ ቂርቆስ፣ ቅር እያለው። «አያቴ ደጅ ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን በመቋሚያ ነበር የሚሸኙኝ።»

«በእኛ ሰፈር ‹ቤቶች!› ሳይል የቆመውን የሚቀበለው ውሻ ነው።»

«ልጆች፣ ስለ አስተዳደጋችሁ በኋላ ተነጋገሩ» አልኩ። «መኪና ተነስቷል ወይስ አልተነሳም?»

«ተነስቷል ጋሼ፣ እንደምን አረፈዱ። አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ወጥቷል። ጽፌ አስገብቼዋለሁ፤ ማሽኑ ይዞት ቆሟል።»

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ከሃያ አምስት ነው። ሚኒባስ ከቡሬ እኛ ጋ ለመድረስ ማንኩሳ ላይ ካልቆመ አርባ ደቂቃ፣ ከቆመ ትንሽ ይጨምራል። መኪናው ግማሽ መንገድ ጨርሷል፤ ወሬው ገና ቡሬ ተቀምጧል። ወሬው ደግሞ መቅደም አለበት።

«የእኔን እቀይራለሁ» አለች ፀደንያ። «አንተ ምንም አትንካ። እንዳለህ ጠብቅ፤ ስዘጋብህ ብቻ ተመልሰህ ና።» ጣቶቿ ሲሄዱ አየሁ። አንድ መስመር ናት፤ አንዲት ብቻ። ባለቤቱ እንግዳውን እንደተቀበለ «ማነው?» ብሎ ይላክ። ጨረሰች። ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተች።

በሩ ተይዟል።

«ያ ደቂቃ» አልኩ።

«ያ ደቂቃ» አለች።

በሕይወቴ ብዙ መኪና ጠብቄአለሁ፤ የከባዱን ዝናብ ጊዜም ጠብቄአለሁ። እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ነገር አላውቅም። ፀደንያ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥራለች። አቶ ገብረሰንበት ከጥላው ወጥተው ሁለት እርምጃ ቀረቡ። አንድ የጭነት መኪና ገብቶ ወጣ። ፀደንያ ጣቷን ጫነች።

እንግዳ ከቡሬ ገብቷል።

ከዚያ በታች፣ ነጩ ላይ፣ መስመሮቹ ተራ በተራ ወረዱ።

«እንደምን አረፈዳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡሬ። ታርጋ 31207። ባዶ ወንበር አራት።»

ለሰላምታው መልሱንም አብሮ ልኮታል፤ እንዳንቸገር ብሎ ነው። ፀደንያ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ፊሽካዬን አንስቼ፣ ሳንባዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስገባሁበት።

«አራት ወንበር እየመጣ ነው። ለጅጋና ለደምበጫ። አራት ሰው ይሰለፍ፣ ሌላው ጥላ ሥር ይረፍ።»

ሕዝቡ መንገዱን አየ። መንገዱ ላይ ምንም የለም። ከፊት የቆሙት እማማ ያምሮት ሁለት ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ጅጋ የሚሄዱ ናቸው።

«የታለ ወንበሩ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነው እማማ።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«ኮምፒውተሩ ነገረን።»

«ኮምፒውተሩስ አይቶታል?»

«ቡሬ ያለው ቂርቆስ አይቶታል።»

«ቂርቆስ የማን ልጅ ነው?»

«የመሪጌታ የልጅ ልጅ።»

«እንደሱ አትለኝም ታዲያ» አሉና መጥተው ተሰለፉ። ግን አንድ ጎረምሳና ሁለት ቄሶች ቀደሟቸው፤ አራተኛ ሆኑ።

ቆምን። አምስት ከአርባ። አምስት ከአርባ አምስት። ሰዉ በእኔ መሳቅ ጀመረ። «ያረጋል የማይታይ መኪና ያሰልፋል» አለ አንዱ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ነጭ ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ዓይኔ ታርጋው ላይ ነበር። 31207።

የሮጠ ሰው አልነበረም። ይኼን በዓይኔ ባላይ ኖሮ እኔም አላምንም። አራቱ በሰልፋቸው ቆሙ፤ የቀሩት እንደ ቲያትር ተመልካች ያያሉ። በሩ ተከፈተ። ጎረምሳው ገባ። አንዱ ቄስ ገቡ። ሁለተኛው ቄስ ገቡ። እማማ ያምሮት እግራቸውን አነሱ፤ ውስጡ ሙሉ ነው።

«አራት ነበር የተባለው» አልኩት ሾፌሩን፣ ክንፈሚካኤልን።

«ማንኩሳ ላይ አንድ ሰው ጫንኩ» አለኝ። «አባት ናቸው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው። ትቻቸው ልምጣ?»

መኪናው ሄደ። እማማ ያምሮት ከነዶሮዎቻቸው ቀሩ። «ወንበሬ ማንኩሳ ላይ ቀረ» አሉ፤ ለማንም አይደለም የተናገሩት።

አቶ ገብረሰንበት መስኮቱ ጋ ደረሱ። «አራት ነው ያለው» አሉ።

«ከቡሬ ሲነሳ አራት ነበር» አለች ፀደንያ።

«እዚህ ሲደርስ ሦስት ነው።»

እጃቸውን አልዘረጉም፤ ግን ዓይናቸው ቁልፉ ላይ አረፈ። ቁልፉ ከላፕቶፑ ጎን ነው። እኔ መስኮቱን ተደገፍኩ። ዓይኔ ውስጥ የመጣው እነ እትዬ ታንጉት ቤት በሩ አጠገብ የቆመው ሻንጣ ነው።

በዚህ መካከል ስክሪኑ አንድ ጊዜ ጢጥ አለ።

«እንደምን አረፈዳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡሬ። ታርጋ 28840። ባዶ ወንበር ስድስት።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እማማ ያምሮት ዞሩ። «ስድስት አልከኝ?» አሉ። ወደ መስኮቱ መጥተው ዶሮዎቹን አስቀምጠው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። «እኔ አንደኛ ነኝ። ማንኩሳ አምስቱን ቢበላቸው እንኳ አንዱ ይደርሰኛል። ይኼን መስኮት ማንም እንዳይዘጋብኝ።» አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ከኋላቸው ቆመች። ከኋላዋ አንድ ሰው። ከኋላው ሦስት። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማንም አልነፋም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይነፋ የቆመ የመጀመሪያው ሰልፍ ነው።

አቶ ገብረሰንበት ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከእማማ ያምሮት ዶሮዎች ጀምረው እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ።

«ማንኩሳስ?» አሉ ወደ ፀደንያ ዞረው።

«ባለቤት አንድ እንግዳ ብቻ አይደለም የሚቀበል» አለች ፈጠን ብላ። «ማንኩሳ አንድ ሰው ካገኘን በዚያው በር ይገባል። ለእሱ የራሱ መስመር ይከፈትለታል፤ የቡሬው አይነካም። ሾፌሩ እዚያ ሲጭን ያም ይነግረናል።»

ጥቂት አሰቡ። «እኔ ያልኩት» አሉ፣ «ወሬው ከመኪናው ይቅደም ነው። ቀድሟል። ቁልፉ አንች ዘንድ ይቆይ። ማንኩሳን ደግሞ አስገቢ።» ሄዱ። ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉና፣ «ያረጋል፣ ያን ገመድ ሰው እንዳይጠልፈው ከፍ አድርገህ እሰረው» አሉኝ። ገመዱን ማን እንደጎተተ እንደሚያውቁ በዚያ ገባኝ።

ስድስት ወንበር የተባለው ስድስት ሆኖ ደረሰ። ማንኩሳ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። እማማ ያምሮት ከፊት ወንበር ተቀመጡና በመስኮት ብቅ ብለው «ለዚያ ለመሪጌታው ልጅ ሰላም በሉት» አሉን።

ማምሻውን በአጥሩ በኩል አየሁ። እትዬ ታንጉት ሻንጣውን በረንዳው ላይ ዘርግተው ልብሱን አንድ በአንድ እያራገፉ ወደ ቤት ይመልሳሉ። «እትዬ፣ ቶሎ ፈቱት እኮ» አልኳቸው። «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ይበልጥ እንዳይጨማደድ ብዬ ነው» አሉኝ። ፀደንያ ከውስጥ ስትስቅ ሰማሁ።

የእማማ ያምሮትን ሰላምታ ለማድረስ ለቂርቆስ ደወልኩ። ዛሬስ ተምሬአለሁ፣ እኔ እቀድማለሁ ብዬ ስልኩ እንደተነሳ «ሃሎ ዲያቆን» አልኩ። እሱም ተምሮ ኖሯል ለካ፤ በዚያችው ቅጽበት «ሃሎ ጋሼ» አለ። ሁለታችንም በአንድ አፍ ተናገርን። ከዚያ ሁለታችንም፣ ሌላው ይቀጥል ብለን፣ ዝም አልን። ሰከንዱ ይቆጥራል።